ጋሽ ውሃ ልክ እና የዘመመው ሥዕል

የትም ይሂዱ የት፣ አንድ አቃኝ ሰው ይገጥምዎታል። ቤትዎ ገብቶ «እንዴት ሰነበታችሁ» እያለ ዓይኑ ግድግዳውን ያስሳል። እጅዎን እንደጨበጠ፣ በሌላኛው እጁ የሠርግ ፎቶዎን ወደ ግራ ገፋ ያደርገዋል። «ይቅርታ፣ ዓይኔን በላኝ» ይላል። የልጆችዎን ጤና የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።

የዚህ ወገን ሁሉ አለቃ፣ የግድግዳዎች ዳኛ፣ የፍሬሞች የበላይ ጠባቂ ክቡር ጋሽ ውሃ ልክ ናቸው። በወረቀት ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችን የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ይባሉ ነበር። እርግጥ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አለ፤ እሱን የሚያውቁት ግን ባለቤታቸውና የሠራተኛ ጉዳይ ጸሐፊዋ ብቻ ነበሩ። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የደረት ኪስ እሳቸው ውሃ ልክ ይሰካሉ፤ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን፣ መስታወቱ ውስጥ አረፋ የምትመላለስበትን፣ ግን ትንሹን። የተመራቂዎችን ዓመታዊ ዐውደ ርእይ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰቀሉት እሳቸው ናቸው። በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ አንድም ሥዕል ያምራል ወይም ያስጠላል ሲሉ የሰማ የለም። ለእሳቸው ሥዕል ሁለት ዓይነት ነው፤ ልክ የሆነና ልክ ያልሆነ።

አንድ ቀን እሳቸው ቤት የረሱትን ቁልፍ ባለቤታቸው ሊያቀብሏቸው መጡና አገኘናቸው። «እቤትም እንዲህ ናቸው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«የሠርጋችን ዕለት ፎቶ አንሺውን አስቁሞ የአባቴን ክራባት ያቃና ሰው እኮ ነው» አሉን። «አባቴ እስኪሞት ድረስ እሱ ባለበት ክራባት አስሮ አያውቅም።»

እኛ በዚያ ዓመት ሰባት ተመራቂዎች ነበርን፤ ሰባታችንም ቀጥ ያለ ነገር ሁሉ የሚያስጠላን ዕድሜ ላይ ነበርን። ዐውደ ርእዩ ደግሞ የመመረቂያ ፈተናችን ነው።

መጀመሪያ የተያዘችው ሸክላ ሠሪዋ ናት። አሥራ ሁለት ረጃጅም ማሰሮዎች ሠርታ ነበር፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያጋደሉ፣ ሰልፍ ላይ ቆመው የሰለቻቸው ሰዎች የሚመስሉ። ሻይ ጠጥታ ስትመለስ ጋሽ ውሃ ልክ በየሥራቸው ካርቶን አጣጥፈው ሸጉጠው፣ ሁሉንም ቀጥ አድርገው አቁመዋቸዋል።

«ምነው ጋሼ!» ብላ ጮኸች።

«አይዞሽ ልጄ፣ ሊወድቁብሽ ነበር፤ ደርሼላቸዋለሁ።»

ከወዳደቀ ብረት ቅርጽ የሚሠራው ልጅ፣ ሦስት ወር የተጨነቀበትን ክምር በቁመት ቅደም ተከተል ተደርድሮ አገኘው። «አሁን የምትፈልገውን ቶሎ ታገኛለህ» ተባለ። ቪዲዮ ቀራጿ ደግሞ ነፋስ ያጎበጠውን አንድ ዛፍ ቀርጻ አመጣች። ጋሽ ውሃ ልክ ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ውሃ ልካቸውን አስቀምጠው አዩ፤ ልክ ነው። ዛፉን አዩ፤ አልተዋጠላቸውም። «ቴሌቪዥኑ እንኳ ጥፋት የለበትም» አሏት በሐዘን። «ዛፉን ነው ማነጋገር።»

አንደኛው ልጅ የሚሠራው በድምፅ ብቻ ነበር። ባዶ ክፍል፣ መደርደሪያ ላይ አንድ ስፒከር፣ የዝናብ ድምፅ፤ በቃ። እዚህስ ምን ሊያቃኑ ነው ብለን በር ላይ ተሰብስበን ጠበቅን። ጋሽ ውሃ ልክ ገቡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ አዳመጡ፣ ወጡ። «መደርደሪያው ዘሟል» አሉ። «ዝናቡ ወደ ቀኝ ነው የሚዘንበው።» ሳቅን። ከዚያ ግን ለካነው፤ እውነትም ዘሟል።

የኔ ነገር ግን የሚሳቅበት አልነበረም። ባለፈው ዓመት ወድቄ እየደገምኩ ነበር፤ ሁለተኛ የወደቀ ደግሞ ይሰናበታል። አባቴም ቁርጡን ነግሮኛል። «ዘንድሮ ካልሆነ አጎትህ መደብር ገብተህ የቀለም ቆርቆሮ ትደረድራለህ» አለኝ። «ያው ቀለም ነው።»

የሣልኩት ያደግንበትን ቤት ነው። ዳገት ላይ ተሠርቶ መሠረቱ በአንድ በኩል ስለሰመጠ፣ ወለሉም ግድግዳውም አንድ ላይ ያጋደለ ቤት ነበር። ብርቱካን ከእጃችን ካመለጠ የምንይዘው በሩ ላይ ነው። እኛ ግን ስለለመድነው ቤቱ ቀጥ ያለ ይመስለናል፤ የተጣመመ የሚመስለን ጠረጴዛው ላይ ያለው የብርጭቆ ውሃ ነበር። እንደዚያው ሣልኩት፤ ግድግዳውንና ጠረጴዛውን ከፍሬሙ ጋር አስተካክዬ፣ ውሃውን ብቻ ሰያፍ። ስሰቅለው ግን የፍሬሙን አንድ ጫፍ ከሌላው አንድ ስንዝር ዝቅ አደረግኩት። ያኔ ውሃው ልክ ይመጣና ቤቱ ያጋድላል፤ የሥዕሉ ነገር ሁሉ ይኸው ነው። ቀጥ ብሎ ከተሰቀለ፣ ውሃ መሣል ያቃተው ልጅ የሣለው ተራ ክፍል ይሆናል። በፈተናው ዕለት ደግሞ ተማሪ አዳራሽ ገብቶ ማስረዳት ክልክል ነው። «ሥራው ራሱ ይናገር» ይሉናል።

ሰኞ አዝምሜ ሰቀልኩት፤ ከሰዓት ስመለስ ቀጥ ብሏል። ማክሰኞም እንደዚያው።

«ጋሼ፣ ሆን ብዬ ነው እኮ!» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። «መጀመሪያ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

ረቡዕ ስደርስ እጃቸው ፍሬሙ ላይ ነበር። ደሜ ፈላ። «እርስዎ መጋዘንዎን ይጠብቁ! ከሚስማር በቀር ምን ያውቃሉ?» ብዬ ጮህኩባቸው። ጋሽ ውሃ ልክ እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱ፤ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። «እሺ ልጄ» ብለው ወጡ። ካርቶኗን ስትነቅል ሁለት ቀን የፈጀችው ሸክላ ሠሪዋ እንኳ «አበዛኸው» አለችኝ። አፈርኩ።

ሐሙስ ፈተና ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ማልጄ ብመጣ አዳራሹ ከውስጥ ተቆልፏል፤ ጋሽ ውሃ ልክ ውስጥ ናቸው፤ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። አለቀልኝ አልኩ። ቂም ይዘው ሥዕሌን ቀጥ አድርገው እየመቱት ነው። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፍቶ ሦስቱ ፈታኞች ገቡ፤ እኛ ሰባታችን በሩ ክፍተት ላይ ተደራርበን ቆምን።

ሥዕሌ ጋ ሲደርሱ አየሁት። ዘሟል! እፎይ ከማለቴ ግን የፈታኞቹ ሰብሳቢ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ፍሬሙ ዘረጉ። ለካ እሳቸውም አቃኝ ናቸው!

«አይንኩት!»

ጋሽ ውሃ ልክ ነበሩ፤ ከጥግ፣ ግራጫ ጋውናቸውን እንደለበሱ።

«ዘሟል እኮ» አሉ ሰብሳቢው።

«አልዘመመም።» ውሃ ልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡና፣ ቀለሙን ሳይነኩ፣ ከተሣለው ውሃ ጋር አስተያይተው ያዙት። «አረፋዋን ይመልከቱ። ውሃው ልክ ነው። የዘመመው ቤቱ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ እንግዲህ ሰው ምሳውን ይበላል።»

ፈታኞቹ ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ አረፋዋን አዩ። ሰብሳቢው ወደ ኋላ ራቅ ብለው፣ አንገታቸውን እንደ ቤታችን አጋድለው ብዙ ቆሙ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ለአንድ ሰው እንኳ እንደዚያ አድርጌ ማስረዳት አቅቶኝ ነበር።

አለፍኩ። በሩጫ መጋዘን ሄጄ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ሚስማር በየመጠኑ እየለዩ ነበር።

«ረቡዕ ስትጮህብኝ ዓይኔ ብርጭቆዋ ላይ አርፎ ነበር» አሉኝ። «ገባኝ ልልህ ስል ቀደምከኝ።»

«ታዲያ የዛሬ ጠዋቱ መዶሻ ምን ነበር?»

«አንድ ስንዝር አይበቃውም፤ ውሃው ገና ልክ አልመጣም ነበር። አንድ ጣት ጨመርኩልህ።»

አሁን ጡረታ ወጥተዋል። እሑድ እሑድ እኛ ቤት ብቅ ይላሉ። ሊመጡ ሲሉ እኔ ሳሎን ያሉትን ሁለት ሦስት ፍሬሞች ዘንበል አደርጋለሁ፤ ባለቤቴ፣ ያቺው ሸክላ ሠሪዋ፣ ከአንዱ ማሰሮ ሥር ካርቶኑን ትነቅላለች። እሳቸው ሁሉንም አቃንተው፣ የብርጭቆዋን ሥዕል ብቻ በአረፋዋ ለክተው ሳይነኩ አልፈው ይቀመጣሉ።

ባለፈው እሑድ እንግዳ መጥቶብን ማዝመሙን ረሳነው። ጋሽ ውሃ ልክ ገቡና ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩ፤ ከብርጭቆዋ ሥዕል በቀር ሁሉም ቀጥ ብሏል። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። በአንድ ጊዜ ያረጁ መሰለኝ። ሻይ ላመጣ ብዬ ተነሣሁና ሳልፍ የልጄን ፎቶ በትከሻዬ ገጨት አደረግኩት።

«ይቅርታ ልጄ፣ ዓይኔን በላኝ» አሉ፣ ገና ሳልርቅ ከሶፋው እየተነሡ።