ትርፍ ወንበር የሌላት መኪና

ሰው ሚስት ሊያገባ ሲል ሽማግሌ ለምኖ ይልካል፤ መኪና ሊገዛ ሲል ግን ሽማግሌው ሳይለመን ይመጣል። እናንተም ደርሶባችሁ ይሆናል። “መኪና ልገዛ ነው” የምትለዋ ቃል ከአፋችሁ እንደወጣች መንጃ ፈቃድ የሌለው ወዳጃችሁ ሁሉ ስለ ሞተር ጠባይ ያስተምራችኋል። አንዱ ከናፍጣ ወዲያ ላሳር ይላል። ሌላው በዚህ ዘመን ናፍጣ የሚገዛ ሰው ጤናውን ይመርመር ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ኤሌክትሪክ ብርድ ሲነካት መንገድ ላይ ትተኛለች ብሎ ያስፈራራችኋል፤ እኔን ያስፈራራኝ ሰውዬ ኦስሎ ሲኖር ከምድር ባቡር በቀር ምንም ነገር ላይ ሲሳፈር አይቼው አላውቅም። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ይስማማሉ፤ ባለ ሰባት ወንበር ትሁን። “ለቤተሰብ ነዋ!” ይላሉ።

የኔ ቤተሰብ አምስት ነው። እኔ፣ ባለቤቴ ትዕግስት፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ሶስና፣ አራት ዓመት የሞላቸው መንትያ ወንዶች። ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ። ታዲያ ስድስተኛውና ሰባተኛው ወንበር የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የመካሪው ነው።

ይህን ያወቅሁት በመከራ ነው። አሮጌዋ መኪናችን ባለ ሰባት ነበረች። ሥራዬ ደግሞ አውቶቡስ መንዳት ነው፤ ሳምንቱን ከፍለው የሚሳፈሩትን ስነዳ እከርምና እሑድ ሳይከፍሉ የሚሳፈሩትን እነዳለሁ። ከሰፈራችን ከግሮሩድ እነሳለሁ፣ ፉሩሴት ጎራ እላለሁ፣ ቫይትቬት ቆም እላለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ከመኪናዋ የሚወርደው ሕዝብ ለአንድ መለስተኛ ሠርግ ይበቃል። ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ መመለስ አለ፤ መመለስ ብቻ ሳይሆን “ግባና ትንሽ ነገር ቅመስ” አለ፤ ካልቀመሱ መቀያየም አለ። እምቢ ማለት አልችልበትም። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ከአገር ስወጣ ሻንጣዬን ፈትሸው ያላገኙብኝ ብቸኛው ዕቃ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ የማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ እህታቸውን ከአውሮፕላን ማረፊያ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። “አንድ ሰዓት አይፈጅም” አሉኝ። የሴትዮዋ ሻንጣ ጠፋና አራት ሰዓት ፈጀ። በዚያ ሰዓት ሶስና በሕይወቷ የመጀመሪያውን የዋና ውድድር እየዋኘች ነበር። ሦስተኛ ወጣች። ትዕግስት እንደነገረችኝ፣ ከውኃው ብቅ እንዳለች መነጽሯን አውልቃ ከተመልካቹ መሀል እኔን ፈለገች። ቤት ስደርስ ሜዳሊያውን መሳቢያ ውስጥ ከትታዋለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። “ከእንግዲህ እሑድ የኛ ነው” ብዬ ማልኩላት። “ያ፣ ያ” አለችኝ፤ ኖርዌጂያኖች የማያምኑት ነገር ሲነገራቸው እንደሚሉት።

እንግዲህ አሮጌዋ መኪና በኅዳር ስታርፍ ቆረጥኩ። ያገለገለች፣ ትንሽ፣ ኤሌክትሪክ፣ አምስት ወንበር ብቻ ያላት። ብዙ የማትበላ፣ ጋራዥ የማታዘወትር፣ ከሁሉም በላይ ግን ትርፍ ሰው የማታስገባ። ጋሽ ታደሰ “ባለ ሰባት ግዛ” ሊሉኝ ሁለት ጊዜ ደወሉ፤ አልተነቃነቅሁም።

የመንትዮቹን የሕፃን ወንበሮች በግራና በቀኝ እጄ አንጠልጥዬ፣ ሶስናን አስከትዬ መኪና መሸጫው ሄድኩ። ሻጩ ትሑት ሰው ነው። “ትንሽ ብትጨምር ባለ ሰባት አለኝ” አለኝ። “የኋለኞቹ ሁለቱ ስትፈልጋቸው ይዘረጋሉ፤ ሳትፈልጋቸው ታጥፈው ይተኛሉ።”

ይተኛሉ! የኛን ሰው አያውቅም። የተኛ ወንበር ቀስቅሶ የሚቀመጥ ወገን እንዳለኝ በየትኛው ኖርዌጅኛ ላስረዳው? “አንድ ሰው እንኳ የማይጨመርባት ነው የምፈልገው” አልኩት። ሰፊ ናት ወይ የሚል እንጂ ጠባብ ናት ወይ የሚል ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ፣ ቀና ብሎ ሶስናን አያት። እሷም ትከሻዋን ነቀነቀች። ሁለቱን ወንበሮች ከኋላ ግራና ቀኝ አሰርኩና ሶስናን መሀል አስገባኋት። ግጥም አለች።

“ይመቻል?” አልኳት።

“ኔይ” አለች።

በኖርዌጅኛ አይመችም ማለቷ ነው። “በቃ፣ ይህችው ናት” ብዬ ፈረምኩ።

የመጀመሪያው እሑድ ደረሰ። በረዶ ጥሏል፤ አምስታችንም ተጠቅጥቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ በቀጥታ ሐይቅ ዳር ልንሄድ ተነጋግረን ወጣን። ቫይትቬት ስንደርስ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ እማማ ዘነበች ቆመዋል። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቢሮ ሲያጸዱ ጉልበታቸውን የጨረሱ አሮጊት ናቸው። ነጠላቸውን በወፍራሙ ጃኬት ላይ አጣፍተው ወደ መንገዱ ያያሉ። መብራት ይዞኝ ነው የቆምኩት ልላችሁ ነበር። እዚያ ጋ መብራት የለም።

ለዚህ ቀን ግን ተዘጋጅቼበታለሁ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ “እማማ፣ ይህቺ መኪና ሙሉ ናት፤ አንድ ሰው እንኳ አታስገባም” አልኳቸው።

“ሙሉ ያድርግልህ ልጄ!” አሉኝ፤ ጎንበስ ብለው ልጆቹን አንድ በአንድ እያዩ። “ቤትህም እንዲህ ይሙላ። በሉ ሂዱ፣ ቅዳሴው እንዳያመልጣችሁ። ለእኔ አውቶቡሱ ይመጣል።”

አውቶቡሱ እሑድ ጠዋት መቼ እንደሚመጣ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ገና ግማሽ ሰዓት ግድም ይቀረዋል። ቢለምኑኝ እምቢ ልል ቆርጬ ነበር፤ ይመርቁኛል ብዬ ግን አላሰብኩም። ትዕግስት ቀበቶዋን ፈትታ ወደ መሪው ልትዛወር ወረደች። እኔም ወረድኩ። እማማ “ኧረ አይሆንም፣ በእግዜር!” እያሉ ጋቢና ተቀመጡ።

ያኔ ነው የገባኝ። ባለ ሰባት ብገዛ ኖሮ የምሰጠው ወንበር ነበር፤ ባለ አምስት ስለገዛሁ የሰጠሁት ራሴን ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ሶስናን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ፤ ቃሌን በመጀመሪያው እሑድ በልቻለሁ። የኋላው በር ተከፈተና በወንድሟ ላይ ተንጠላጥላ ወረደች።

“እኔም ከአንተ ጋ ነኝ፤ እዚያ መሀል መተንፈስ አይቻልም” አለችኝ።

አውቶቡሱ መጣና ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሌላ ሰው ሲነዳ እኔ ስቀመጥ ስንት ዘመኔ! ሶስና ወሬ ጀመረች። ስለ ዋና አስተማሪዋ፣ ስለተኳረፈቻት ጓደኛዋ፣ ጥልቅ ውኃ ላይ ወደ ታች ስታይ ስለሚይዛት ፍርሃት። ቤተ ክርስቲያን እስክንደርስ፣ ዓመቱን ሙሉ ያልነገረችኝን ነገረችኝ። ለካ ያን ሁሉ እሑድ በመኪና ስወስዳት ለልጄ የሰጠኋት ጀርባዬን ነበር።

ስንደርስ ትዕግስት መኪናዋን አቁማለች። ከሁለቱ የሕፃን ወንበሮች መሀል፣ ሶስና ከለቀቀችው ቦታ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ቀጭኑ ከበሮ መቺ ከበሮውን እንደታቀፈ እየተጎተተ ይወርዳል። ትዕግስትን አየኋት። “ከበሮውን እስኪያወጣ ደጁ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት፤ ባዶ ወንበር ይዤ እንዴት አልፈዋለሁ?” አለችኝ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እንዲሁ ነው። እማማ ጋቢና፣ ከበሮ መቺው መሀል፣ እኔና ሶስና አውቶቡስ። ሐይቁ ዳርም ሁለታችን በአውቶቡስ ቀድመን እንሄዳለን፣ ትዕግስት ሰዎቿን አድርሳ ከመንትዮቹ ጋር ትደርስብናለች። ጋሽ ታደሰ ይህን ሰምተው አዘኑልኝ። “ባለ ሰባት ግዛ አላልኩህም? አሁንም ወስደህ አስቀይራት፣ ሁላችሁም አብራችሁ ትሄዳላችሁ” አሉኝ። ሳስበው እውነታቸውን ነው። ባለፈው እሑድ አውቶቡሱ ላይ ሶስናን፣ “ጋሽ ታደሰ መኪናዋን በባለ ሰባት ቀይራት ይሉኛል፤ እንቀይራት እንዴ?” አልኳት።

“ኔይ” አለች።

ክርክር የማያስገባ፣ ምክንያት የማይጨምር፣ ይቅርታ የማይጠይቅ ኔይ ነው። እንዲህ ቁርጥ አድርጎ እምቢ ማለትን ከማን እንደተማረች እንጃ፤ ከአባቷ እንዳልሆነ ግን እናንተም ታውቃላችሁ።