ሰው ሲመጣ የሚቆም ፊልም

«አቁመው፣ ሰው መጣ» አለችኝ ባለቤቴ ሰናይት፤ ነጠላዋን እያስተካከለች ቀድማ ተነሥታለች።

አቆምኩት። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። «ኖር» አልን ሁላችንም ከመቀመጫችን ተነሥተን። «በእግዜር፣ በእግዜር፤ ኧረ ምነው፣ ለእኔ ነው?» አሉ የገቡት ሰው። ተሳሳምን። የሰው ደኅና፣ የከብት ደኅና፣ የሰብል ደኅና ተጠያየቅን። እንግዳው ተቀመጡ፤ እኛም ተቀመጥን። ፈረንጁ ብቻ የሚገጥምለት አጥቶ አፉ እንደተከፈተ ነው።

ቤቱ ውስጥ ሲኒማ ያቋቋመ የጎንደር ሰው ይህችን «አቁመው፣ ሰው መጣ» የምትባል ዐረፍተ ነገር ያውቃታል። በሌላው ዓለም ፊልም የሚቆመው ሰው ሽንት ቤት ሲሄድ ነው አሉ። እኛ ዘንድ የሚቆመው ሰው ሲመጣ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሽንት ቤት የሄደ ሰው ይመለሳል፤ የመጣ ሰው ግን አይሄድም።

ሲኒማውን ያቋቋምኩት በወሬ ነው። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እንዲሉ፣ ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን ሳለ አንድ ወዳጄ «ብልጥ ሰው ሲኒማ ቤት አይሄድም፤ ሲኒማ ቤቱን ወደ ቤቱ ያመጣል» አለኝ። መሃል ላይ ኮምፒውተር ካለ ሌላው ሁሉ ቅርንጫፍ ነው አለ። ኮምፒውተር አላጣሁም። በምሠራበት የጽሕፈት ሱቅ ስንት ዘመን የሰው ማመልከቻና የሠርግ ጥሪ ሲጽፍ ኖሮ አዲስ ሲገዛ ጡረታ የወጣ፣ ሆደ ሰፊ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነበረኝ። በጋቢ ጠቅልዬ፣ እንደ ሙሽራ በባጃጅ አሳፍሬ፣ ቁስቋም ወዳለው ቤቴ ይዤው ገባሁ።

አንዱን ገመድ ወደ ቴሌቪዥኑ ሰደድኩ። ሌሎቹን ከተፈታታ ሚኒባስ ወደ ገዛኋቸው ሁለት ድምፅ ማጉያዎች። ከዚያ ወዲህ ፊልሙም፣ መዝሙሩም፣ የዘመድ ሠርግ ቪዲዮውም፣ ስልክ ውስጥ ተቀብሮ የኖረው ፎቶም ሁሉ ከእርሱ ሆድ ይወጣል። ድሮ ቤት የሚቆመው በምሰሶ ነበር። የእኛ ቤት የቆመው በኮምፒውተር ነው ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ግን ለመጥረግ ብሎ ገመዱን የነቀለ ሰው ቤት እንዳፈረሰ ይቆጠራል።

የመጀመሪያ ቀን፣ ወዳጄ እንደመከረኝ፣ ቤቱ ጨለም እንዲል መጋረጃውን ዘጋሁ። እሑድ ቀትር ላይ ነው። ወዲያው ጎረቤታችን እማማ ዘውዴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየተጣደፉ ደረሱ። «ምነው ልጆቼ፣ ማን ነው የሞተባችሁ?» በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ የሚዘጋ መርዶ የመጣበት ቤት ነዋ። ማንም እንዳልሞተ አስረድተን፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ፊልሙ ላይ ሰው ሲሞት ግን መልሰው አዘቀዘቁት።

የቤተ ክርስቲያኑ ሊቅ መሪጌታ ፈንታም ጎረቤታችን ናቸው። መጥተው ዕቃውን ዞር ዞር ብለው አዩና ሥርዓቱ ወዲያው ገባቸው። «ይሄ መሃል ያለው መሪ ነው። ይሄ ግራጌታ፣ ያ ደግሞ ቀኝጌታ። ሁለቱም መሪው ያልሰጣቸውን አይሉም» አሉ። እኔ ስለ ስቴሪዮ ድምፅ ያነበብኩት ሁሉ ከዚያ ወዲህ ተረሳኝ። ዛሬ የግራው ድምፅ ማጉያ ሲያፏጭ ሰናይት የምትለኝ «ግራጌታው ጉንፋን ይዞታል» ነው።

አሁን ወደ አማቴ።

አያ ጓንጉል፣ የሰናይት አባት፣ ከአገራቸው ከመካነ ብርሃን የመጡት ለፊልም አልነበረም፤ ለዓይናቸው ነው። ሞራ ጋርዷቸው፣ ሰውን በድምፁ፣ ከብትን በኮቴው እየለዩ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ማን እንደመጣ ሌላ ሰው ይነግራቸዋል፤ ጤፉ እንዴት እንደያዘ ሌላ ሰው ይነግራቸዋል። ሐኪሙ ሞራውን ገፈፈላቸው። ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያዩት ሰናይትን ነው። ረጅም ጊዜ ትኩር ብለው አዩዋትና «ለካ አርጅተሻል» አሏት፣ እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። እርሷም እያለቀሰች ሳቀች። ፊልም ማየት ይጎዳቸው እንደሆነ ሐኪሙን ስንጠይቀው «እንዲያዩ አይደል እንዴ የሠራሁት?» አለን። ብቻ ሲመሽ ጠብታቸው ተጨምሮላቸው በጊዜ ይተኙ አለ።

ስለዚህ ፊልም ከፈትኩላቸው። ተራራ ያለበትን መረጥኩ፣ ብርዱ አገራቸውን ይመስላል ብዬ። ቋንቋው የየት አገር እንደሆነ እኔም አላውቅም። አንድ ሽማግሌ አለ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት አንድ ቦራ ፈረስ አለው። በረቱ ሳይዘጋ ያድርና ፈረሱ ይጠፋል። ሽማግሌው በበረዶው ውስጥ በእግሩ ፍለጋ ይወጣል። ታሪኩ ይኸው ነው። አያ ጓንጉል ግን ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቀሩ። «ቋንቋውን ሳይሰሙ እንዴት ገባዎት?» ብላቸው፣ «ፈረስ የጠፋው ሰው ምን ቋንቋ አለው?» አሉኝ።

በዚህ መሃል ነው ጠያቂ መምጣት የጀመረው።

እንግዲህ የታመመ ሲጠየቅ ታውቃላችሁ። የዳነ ሲጠየቅ ግን ይብሳል፤ ለታመመ ሰው አዝነው ቶሎ ይነሣሉ፣ ከዳነ ጋር ይጫወታሉ። አዘዞ ያለው የአክስታቸው ልጅ መጣ። የማኅበር ሰዎች መጡ። አብረዋቸው ሆስፒታል ተራ የጠበቁ፣ ዘመድ ያልሆኑ ሰዎች ሳይቀሩ መጡ። የመጀመሪያው «እንኳን እግዜር ማረዎ» ሲል ፊልሙን አቆምኩት፤ አያ ጓንጉልም ይህን አይተው ተደነቁ።

«በቃ፣ ቀጥ አለ?»

«ቀጥ አለ።»

«ሸጋ ነው» አሉ። «የሌላው ቤት ቴሌቪዥን ባለጌ ነው፤ ሽማግሌ ገባ ወጣ አይል፣ ሲለፈልፍ ይውላል። ይሄ አደብ አለው። የሰው ልጅ አሳድጎታል።»

ኮምፒውተሬን ብዙ ሰው አመስግኖልኝ ያውቃል፤ በአስተዳደጉ ያመሰገነው ግን እርሳቸው ብቻ ናቸው። በዚያው ሕግ አወጡ። ሰው ሲገባ ፊልሙ ይቆማል፣ እኛ እንነሣለን። እዚህ ድረስ መልካም። ሁለተኛው ሕግ ነው ያስቸገረን። እንግዳው ሰላምታውን ጨርሶ ሲቀመጥ፣ ካቆምንበት ልቀጥል ስል እጄን ያዙኝ።

«ምነው? ለእንግዳ ትራፊ ታቀርባለህ እንዴ? ከመጀመሪያው አድርግለት።»

ከመጀመሪያው አደረግሁለት። ለሚቀጥለውም እንግዳ ከመጀመሪያው። ለዚያም ለሚቀጥለው። እንዲህ ሆኖ ያ ፈረስ በቤታችን ይጠፋል፣ ይጠፋል፣ ይጠፋል፤ የሚገኝበት ጊዜ ግን የለም። አያ ጓንጉል በረቱ ሳይዘጋ የሚያድርበት ቦታ ላይ ሲደርሱ «እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው» እያሉ ለእንግዳው ይጠቁማሉ። እንግዳው ከንፈሩን ይመጥጣል። ሽማግሌው በረዶው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሌላ ሰው ይመጣል።

አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ጨለመ፣ ድምፁ ጸጥ አለ። አያ ጓንጉል ብድግ አሉና «ኖር» አሉ።

«ማንም አልመጣም አባቴ» አለች ሰናይት፤ «መብራት ሄዶ ነው።»

ወደ ጨለመው ቴሌቪዥን ትንሽ አዩና ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። «ይሁን። ለሚሄድም መነሣት ሸጋ ነው» አሉ።

እኔ ነገሩን በዘዴ ልፈታው ሞከርኩ። እንግዳ በመጣ ቁጥር የታየውን ዘልለን እንለፍ አልኳቸው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው መለሱልኝ። ፊልሙን በስልክዎ ጭኜልዎት አገርዎ ይዩት አልኩ። በስልኬ ባሳያቸው ተቀብለው፣ አርቀው አቅርበው አዩና ፈረሱ ቁንጫ አከለብኝ ብለው መለሱት። በመጨረሻ፣ እኔ ፊልሙን አይቼው ስለነበር፣ ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው «መጨረሻውን ልንገርዎት?» አልኩ።

ይህን ስል ፊታቸው ተለወጠ። አልተቆጡም። ዝግ ባለ ድምፅ፣

«በሰው ዓይን ብዙ ዘመን አየሁ» አሉ። «ይችን እንኳ በራሴ ልያት።»

ከዚያ በኋላ ስለ ዘዴ አላወራሁም። ለእርሳቸው ያ ፈረስ ፈረስ ብቻ አልነበረም። ማንም ሳይተረጉምላቸው፣ ማንም «ያውልዎት፣ በዚያ በኩል» ሳይላቸው፣ ከዳር እስከ ዳር አይተው የሚጨርሱት የመጀመሪያ ነገር ነበር። ግን ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ሰው ሲመጣ ቀድመው የሚነሡትም እርሳቸው። «ከመጀመሪያው አድርግለት» ሲሉኝ ድምፃቸው እየቀዘቀዘ መምጣቱን እሰማለሁ፤ ሰናይትም ትሰማለች። እንግዳው አይሰማም። እንግዳ ደግሞ እንዳይሰማ ተብሎ አይደል እንዴ ጨዋነት የተፈጠረው?

የጠያቂውንም ነገር ለክፉ አታድርጉብኝ። ሰው ነው ያ ሁሉ። አንዱ ሎሚ ይዞ፣ አንዱ ጠበል በሃይላንድ ይዞ፣ አንዱ ምንም ሳይይዝ ደስታውን ብቻ ይዞ የመጣ። ሐኪም ዓይናቸውን ከፈተላቸው፤ ይህ ሰው ሁሉ ደግሞ ለዚያ ዓይን የሚታይ ፊቱን ይዞ መጣ። አያ ጓንጉልም ፊት ለፊት አስቀምጠው እያንዳንዱን ያጠኑታል። «አንተ እኮ በድምፅህ ወፍራም ነበርክ» ይሉታል። እኔም አንዳንዴ፣ የቆመውን ፈረንጅ ረስቼ፣ የእርሳቸውን ፊት ሳይ እውላለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከከፈትኳቸው ፊልሞች ሁሉ የሚሻለው ያ ነበር።

ቀኑ ግን ደረሰ። ሐኪሙ ለመጨረሻ ጊዜ አይቶ «ይሂዱ» አላቸው፤ አውቶቡሱ ሰኞ ማለዳ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰናይት ቦርሳቸውን እያሰናዳች፣ እርሳቸው ከወንበራቸው ሆነው እኔን አዩኝ። ከፈትኩት።

በረቱ ሳይዘጋ አደረ። ፈረሱ ጠፋ። ሽማግሌው ወጣ። እስካሁን የደረስንበትን ቦታ ሁሉ አለፍን። ማንም አልመጣም። ሰናይት የያዘችውን ሸሚዝ እንደያዘች መጥታ ቆመች። አያ ጓንጉል አይተውት የማያውቁት ወንዝ መጣ፤ ሽማግሌው በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ ተሻገረው። አይተውት የማያውቁት አቀበት መጣ። «አይዞህ» አሉት፣ በቀስታ፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ። ሽማግሌው ከጫፉ ደረሰና ቆመ። ከፊቱ ጉም ብቻ ነው። ከዚያ ቀኝጌታው፣ ቀኙ ብቻ፣ ኮቴ የሚመስል ነገር አሰማ። ጉሙ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?»

ከግቢው ነው። መሪጌታ ፈንታ ናቸው፣ ሊሰናበቷቸው፣ ሊመርቋቸው የመጡ። አያ ጓንጉል ለሌላ ለማንም ባይነሡ እንኳ የሚነሡላቸው ሰው።

«አቁ…» አለች ሰናይት። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው።

«ተው» አሉ አያ ጓንጉል።

ጉልበታቸው ግን ለምዶበታልና አፋቸውን ሳይሰማ ተነሣ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። ከመቅደስ ፊት እንደሚወጣ ሰው፣ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሳይሰጡ፣ ዓይናቸውን ከጉሙ ሳይነቅሉ፣ ወደ ኋላቸው እየተራመዱ ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞሩ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ከደፉ ላይ ቆመዋል።

«ኖር» አሉ አያ ጓንጉል፣ ደፉን እንደሞሉ።

«በእግዜር። እንደምን ዋሉ? ያ ዓይንዎ እንዴት ሆነ?»

«ሊያይ ነው፣ መሪጌታ» አሉና በሩን ከውስጥ ዘጉት።