ሸራው የመኪና ነው

በዚህ አገር ሰው ሸራ ሥር የሚቀመጠው ምክንያት ሲኖረው ነው። ወይ ሲድር፣ ወይ ሲሞትበት። ዝም ብሎ፣ ደስ ስላለው ብቻ፣ በገዛ ሸራው ሥር እግሩን ዘርግቶ መቀመጥ ያማረው ሰው ግን ማስረዳት አለበት፤ ለነጋዴው፣ ለጎረቤቱ፣ ለዕድሩ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ለሚስቱ። እኔ ማስረዳት ታክቶኛል። እናንተ ግን እስካሁን አላስቸገራችሁኝምና አንድ ጊዜ ልሞክር።

አሮጌ ፎር ዊል መኪና አለችኝ። ጡረታ ስወጣ የኋላ ወንበሯን አስነቅዬ ፍራሽ አነጠፍኩባት፤ ቡታጋዝ፣ ጀሪካንና ታጣፊ ወንበሮችም ጫንኩ። ሐሳቤ ከባለቤቴ ከእታፈራሁ ጋር ሐይቅ ዳር ወርዶ ማደር ነበር። እታፈራሁ ግን በጋ ሲሆን ‹‹ፀሐዩ ራሴን ያመኛል›› ትላለች፤ ክረምት ገብቶ ፀሐዩ ሲጠፋ ደግሞ ዝናቡ ያማታል። በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ስነዘንዛት ዋልኩና መረራት። ‹‹እሺ፣ ለመኪናህ ጥላ ግዛላትና ቅዳሜ እንሂድ። ካልገዛህ ግን የሐይቅ ወሬ በዚህ ቤት ሁለተኛ እንዳይነሳ!›› አለችኝ። እንደማልገዛ እርግጠኛ ነበረች።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ሰባተኛ ሰፈር ካለው ቤቴ ተነስቼ ሸራ ወደሚሸጥበት ሰፈር ነዳሁ። ቀኑን ልብ በሉልኝ። ጁምዓ ሳይደርስ ጉዳያችሁን ካልጨረሳችሁ በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ያለው መንገድ ሁሉ በሰጋጅ ይሞላና መኪናችሁ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ቸኩያለሁ። የሸራ ነጋዴው ሸምሱ ግን አልቸኮለም።

‹‹ከመኪናዬ ጎን የሚዘረጋ ሸራ ፈልጌ ነበር›› አልኩት።

‹‹ለሰርግ ነው ለለቅሶ?››

‹‹ለሁለቱም አይደለም።››

‹‹እሺ፣ ስንት ሰው ይይዛል?››

‹‹ሁለት። እኔና ባለቤቴ ሜዳ ላይ ልንቀመጥበት ነው።››

ሸምሱ እኔንም መኪናዬንም ከላይ እስከ ታች አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ‹‹ጋሼ፣ ቤት አፈረሱብዎት እንዴ?›› አለኝ። ከልቡ አዝኖልኛል። ይህ ነው የሚያናድደው፤ ቢያሾፍ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ምርጫው መጣ። ባለ መስመሩ ያምራል፤ ‹‹ሁለት ፀሐይ አይችልም›› አለኝ ራሱ ሻጩ። ሰማያዊው ላስቲክ ገና እጄ ላይ እያለ ይንኮሻኮሻል። ከውጭ የመጣውን፣ በቦርሳ የሚታጠፈውን፣ እኔና ሸምሱ ተጋግዘን ዘረጋነውና መልሰን ማጠፍ አቃተን። የአዛኑ ሰዓት ሲቃረብ ሸምሱ ሱቁን ለመዝጋት ዕቃውን ማስገባት ጀመረ። እኔም በድንጋጤ ከጥጉ ያለውን ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ ሸራ ጠቆምኩ። ‹‹እሱ አንደኛ ነው፤ ዝናብ አይደፍረውም!›› አለና ከነብረት ቋሚዎቹ ጫነልኝ። ያን ቀለም የት እንደማውቀው ቆም ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ።

ቤት ስደርስ እታፈራሁ የለችም፤ እህቷ ዘንድ ሄዳለች። ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ መኪናዬን ከበሩ ፊት ለፊት አቁሜ ሸራውን ከጣሪያዋ ላይ ዘረጋሁና ልሞክረው ከሥሩ ተቀመጥኩ። ደክሞኛል። ጉንጬን በእጄ ደገፍ አደረግኩ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። አንድ ሰው ከበሩ ላይ ልክ እንደ ዕድር ድንኳን አረንጓዴ ሸራ ጥሎ፣ ጉንጩን ይዞ ብቻውን ተቀምጧል፤ ሚስቱ አትታይም። ሰርግ እንዳይባል ጥሪ አልደረሰም። የማዶዋ ጎረቤታችን እትዬ ባዩሽ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ‹‹ወይኔ እታፈራሁ! ወይኔ እቴ!›› እያሉ ከተፍ አሉ። ‹‹ኧረ ደህና ናት!›› ብል ማን ሰምቶኝ! የእሳቸውን ድምፅ የሰማ ሁሉ እየወጣ መጣ። አግዳሚ ወንበር መጣ። ንፍሮ ተጣደ። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ደምሴ ደግሞ ከሐዘናቸው ቁጣቸው በልጦ ደረሱ።

‹‹ምነው ታደሰ? የዕድራችን ድንኳን ምን ቢያንስህ ነው ከውጭ የተከራየኸው?››

‹‹ጋሽ ደምሴ፣ ሸራው እኮ የመኪና ነው!››

ወደ ሰዉ ዞሩና ‹‹ተዉት፣ ሐዘን ነው እንዲህ የሚያናግረው›› አሉ።

ልጮህ አፌን ስከፍት ነው እታፈራሁ በመንገዱ ጥግ ብቅ ያለችው። ሸራውን አየች፤ ለቀስተኛውን አየች፤ እኔን ግን ሰው ጋርዶኛል። የያዘችውን ዘንቢል ጥላ ‹‹ወይኔ ታደሰ! ወይኔ ጓዴ!›› እያለች ደረቷን መታች። ‹‹ሐይቅ ሐይቅ እያልክ! እኔ ክፉዋ ሳያመኝ አመመኝ እያልኩ! የውሃ ፍርሃቴን ሳልነግርህ!››

እትዬ ባዩሽ የሞተችውን ሴት ቆማ ስታለቅስ ሲያዩ ጮኸው ተቀመጡ። እኔ ሰዉን ገፍቼ ወጣሁ። ተናድጄ ነበር፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲያ ስታለቅስልኝ በማየቴ ደስም ብሎኛል። እታፈራሁ እኔን አየች፣ ሸራውን አየች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

‹‹ቀለም ጠፍቶ ነው?›› አለችኝ።

የተቀቀለ ንፍሮ አይደፋም ተባለና ተበላ። ጋሽ ደምሴ እስከ መጨረሻው አኩርፈው ነው የሄዱት።

ቅዳሜ ወረድን። ሰው ሁሉ ፊት ያመነችውን መልሳ ልትክድ አልቻለችም። ከውሃው ራቅ አድርጌ አቆምኩላት፣ ሸራውን ዘረጋሁ፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ‹‹ራስሽን እንዴት ነው?›› ስላት ‹‹ዝም በል›› አለችኝና ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። ንፋሱ ደስ ይላል። ስንት ዘመን የናፈቅኩት ጸጥታ ነው።

ከሩቅ የሐይቁ ጥበቃ ወደ እኛ መጣ። እየቀረበ ሲሄድ እርምጃውን ቀነሰ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ አንገቱን ደፋ።

‹‹እግዜር ያጥናችሁ›› አለና ከሸራው ጥግ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። እታፈራሁ ጉልበቴን ያዝ አደረገችኝ።

‹‹አሜን›› አልኩና ሻይ ቀዳሁለት።