ካፖርትዎን መኪናው ውስጥ ይተዉት

አንድ ሰው የካቲት ላይ ሊዝበን ሄጄ በብርድ ልሞት ነበር ቢላችሁ ታምኑታላችሁ? እኔ አላምነውም ነበር። የካቲት እዚህ ፍራንክፈርት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ብርዱ አለቀ ይባላል እንጂ አያልቅም። እኛ ሰፈር፣ ፕሮይንገስሃይም፣ አውቶቡስ ስትጠብቁ ጆሯችሁ በቦታው መኖሩን በእጃችሁ ዳስሳችሁ ነው የምታረጋግጡት። ከዚህ ብርድ ወጥቶ ወደ ባሕር ዳርቻ የሄደ ሰው ምን ይበርደዋል?

እኔ አየር ማረፊያ ሻንጣ እጭናለሁ። ሻንጣ የሚጭን ሰው ሳይወድ በግዱ ጂኦግራፊ ይማራል። ሻንጣው የት እንደሚሄድ አያለሁ። በእረፍቴ ስልኬን አውጥቼ እዚያ አገር ስንት ዲግሪ እንደሆነ አያለሁ። ለምን እንደሆነ ደግሞ ቪዲዮ ፈልጌ እሰማለሁ። ጀርመንኛዬንም ግማሹን የለቀምኩት ከአየር ትንበያ ነው። ስለዚህ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ በተከራየነው አዳራሽ በር ላይ፣ መንገድ ያለበት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። «ሳሚ፣ እዚያ አየሩ እንዴት ነው?» አስረዳለሁ። ሳይጠይቁኝም አስረዳለሁ።

እትዬ የሺ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው። ቢሮ ያጸዳሉ። አንዲት ልጃቸው ትግስት ሊዝበን ነው ያገባችው። ሰባት ዓመት ጸለዩላት፤ በሰባተኛው ዓመት ወንድ ልጅ ወለደች። እትዬ የሺ ይህን ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ታቅፌ ልመርቀው። ሌላ ምንም አልፈልግም።» ከሥራ ያገኙት ፈቃድ አራት ቀን ነው። መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝ ተባለና አብሬያቸው ተላክሁ።

ሽቫንሃይም ሰፈር የሚኖረው ዳዊት በመኪናው አየር ማረፊያ አደረሰን። በሩ ላይ ስንወርድ እትዬ የሺን አየኋቸው። ያ ወፍራም ካፖርታቸው! ከእጅ ሻንጣቸው ደግሞ ጋቢ ብቅ ብሏል።

«እትዬ፣ ካፖርትዎን መኪናው ውስጥ ይተዉት። ሊዝበን ዛሬ አሥራ ሰባት ዲግሪ ነው።»

«ብርድ አይናቅም ልጄ።»

አስረዳኋቸው። ውቅያኖስ ማለት እንደ ትልቅ ድስት ውሃ ነው፤ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይበርድም፤ በበጋ ያጠራቀመውን ሙቀት በብርዱ ጊዜ ለከተማው ቀስ እያለ ያካፍላል። ዳዊት ሞተሩን እንዳስነሳ ይጠብቃል። እትዬ የሺ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ቤቱስ?» አሉ።

«ቤቱ ምን?»

«ቤቱ ውስጥ ስንት ነው?»

ሳቅኩ። ውጪው ሞቆ ቤቱ ይበርዳል እንዴ? ካፖርቱን ወሰድኩ። ጋቢውንም ወሰድኩ። የራሴንም ጃኬት ጨመርኩና ዳዊት ይዞልን ሄደ።

ሊዝበን ስንደርስ አሥራ ሰባት ዲግሪ ነበር። ፀሐዩ ግንባር ይስማል። እኔ በቲሸርት፣ የአገሩ ሰው በወፍራም ጃኬትና በሻርፕ! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «እትዬ፣ እነዚህ ፕሮይንገስሃይም ቢመጡ ምን ሊለብሱ ነው? ፍራሽ?»

የትግስት ቤት አንድ ክፍል ስለሆነ እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ ምድር ቤት፣ ክፍል ተከራይታልናለች። በሩን ከፈትኩት። ፍሪጅ የከፈትኩ ነው የመሰለኝ! ትንፋሼ ይታየኛል። ሃይጹንጉን፣ ማሞቂያውን፣ ፍለጋ ገባሁ። መስኮቱ ሥር የለም። መጋረጃው ጀርባ የለም። መታጠቢያ ቤት የለም። አልጋውን ሳብኩ፤ የለም። ፍራንክፈርት ውስጥ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት አይቻለሁ፤ ማሞቂያ የሌለው ቤት ግን አላየሁም። አከራይዋ አሮጊት መጡ። ካፖርት ለብሰዋል፤ እዚያው ቤታቸው ውስጥ! እየተንቀጠቀጥኩ በእጅ ምልክት «ማሞቂያው የት ነው?» አልኳቸው። ክንዴን ይዘው ወደ መስኮቱ ወሰዱኝና በጣታቸው ፀሐይዋን አሳዩኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ያ ሁሉ ሰው ለውጪ ብሎ አልለበሰም። ለቤቱ የለበሰውን ሳያወልቅ ነው የወጣው።

«የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ሲባል እሰማ ነበር። ስለ ባሎች የተባለ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ የሺ ሁለት ቀሚስ ደርበው፣ እኔ ፎጣ ተከናንቤ አደርን። ሲነጋ እትዬ የሺ አንድ ጊዜ ሳሉ። ከዚያ ደገሙ። ከዚያ አላቆሙም። እሳቸው እየሳሉ ደረጃውን ወጥተን የትግስትን በር አንኳኳን። የከፈተልን አማቻቸው ነው፤ ሆስፒታል የሚሠራ ነርስ። ሳሉን ሰማና ፊቱ ተለወጠ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሳሉ እስኪቆም መግባት አይችሉም። ልጁ ገና የቀናት ዕድሜ ነው ያለው።»

ሰባት ዓመት የተጸለየለት ልጅ ከበሩ ወዲያ ያለቅሳል፤ እሳቸው ከበሩ ወዲህ ይስላሉ። ትግስት ከውስጥ «እማዬ!» ትላለች። አማችየው ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ግን ልክ ነው። ማስረዳት ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ብርድ ራሱ በሽታ አይደለም፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ...»

«ዝም በል አንተ ልጅ! እኔን ያሳለኝ ያንተ ማስረዳት ነው።»

እሳቸው ወርደው ከሕንፃው ፊት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። «ደብረ ብርሃን ሰው ሲበርደው ቤት አይገባም፤ ፀሐይ ሊሞቅ ይወጣል» አሉኝ። በማግስቱም ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው። እኔ ዝንጅብልና ማር አመላልሳለሁ። ሳላቸውን እቆጥራለሁ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ቆመ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ የለም። ሁለት ሰዓት፤ የለም። አውሮፕላናችን ማታ ነው።

ቀና ስል ትግስት ሕፃኑን አቅፋ ከደረጃው ትወርዳለች። አማችየው ከኋላዋ ማስክ ይዟል።

«ቤቱ በረደው እማዬ» አለች፤ «ፀሐይ ላይ ላውጣው ብዬ ነው።»

እትዬ የሺ ማስኩን አጠለቁና ታቀፉት። «እደግ፣ ተመንደግ፣ ለወግ ለማዕረግ ብቃ» አሉት። ከዚያ በዓይናቸው ጥግ እኔን አዩኝ። «አዋቂ ሁን። አስረጂ ግን አትሁን።»

ትግስት የእናቷን ስስ ሹራብ እየነካካች «ካፖርትሽስ?» አለች። አሁን ጉዴ ሊወጣ ነው።

«ረሳሁት» አሉ እትዬ የሺ፤ ዓይናቸውን ከልጁ ሳይነቅሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በቀጣዩ እሑድ አዳራሹ በር ላይ ሰው ከበባቸው። ሊዝበን እንዴት ነው እትዬ?

«ሙቀት ነው ልጆቼ! ሙቀት ብቻ! ካፖርት የሚባል በእጄ አልነካሁም!»

ውሸት አለው? የለውም። ሁለት ቤተሰብ እዚያው ቲኬት ቆረጠ። እኔ ጣልቃ ገባሁ፤ ካፖርት ያዙ፣ ጋቢ ያዙ፣ ቤቶቹ ማሞቂያ የላቸውም፣ ግድግዳው ደግሞ... «ተው እንጂ ሳሚ» አሉኝ፤ «እሳቸው በዚህ ዕድሜያቸው ያልበረዳቸው አንተን በረደህ?» ይመስክሩልኝ ብዬ ወደ እትዬ የሺ ዞርኩ። የልጁን ፎቶ እያሳዩ ነው። ማን ይሰማኛል?

ትናንት ዳዊት ከአየር ማረፊያ ደወለልኝ። ሊዝበን የሚሄዱትን ሁለቱን ቤተሰብ አድርሷቸዋል። «ሰባት ካፖርት መኪናዬ ውስጥ ጥለው ወረዱ» አለኝ፤ «አየሩን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ምን ነክቷቸው ነው?»