ለእንግዳ የማይሰጥ ስንዴ

እኛ እኮ እንግዳ ሲመጣ ቢቻል ፊታችንንም ተበድረን ብንቀበል ደስ ይለናል። ምንጣፉ ከዚህኛው ጎረቤት፣ ብርጭቆው ከወዲያኛው፤ ምስኪን እንግዳ ሰፈሩን በሙሉ ጎብኝቶ የአንድ ሰው ቤት ያየ ይመስለዋል። እናንተስ? እስቲ አትሸፋፍኑ።

ይኸው አመላችን እዚህ መንደራችን ደራ ላይ ሳይንስን አሳሳተ።

የነገሩ ሥር የሚስቴ የጽጌ ሆድ ነው። ዳቦ ነፍሷ ነው፤ በበላች ቁጥር ግን ሆዷ ተነፍቶ፣ ላንጋኖን ያለ ጀልባ የምትሻገር ትመስላለች። (ይህን እንዳትነግሯት።) ታዲያ ከአዳማ አንዲት ተመራማሪ መጥታ፣ «ስንዴ ውስጥ ለአንዳንዱ ሆድ የማይስማማ ፕሮቲን አለ። ከዝርያ ዝርያ ይለያይ እንደሆነ ልንለካ ነውና ከየቤታችሁ አንድ አንድ ጣሳ ስጡኝ» አለች። ጽጌ እንቅልፍ አጣች። «የትኛውን እንደምበላ ላውቅ ነው!»

ሰፈሩም እንቅልፍ አጣ፤ እሱ በሌላ ምክንያት። ለተማረች እንግዳ ነቀዝ የጎበኘው ስንዴ ይሰጣል? ነውር! ጥርስ የመሰለ ነጭ ስንዴ ያላቸው ደግሞ ኦቦ ገመቹ ብቻ ናቸው። መንደርተኛው በጓሮ በራቸው ተሰለፈ። እኔም ከአባቴ የወረስኩትን ጥቁር ስንዴ ደብቄ ጣሳዬን ዘረጋሁ። «ውሰዱ፣ ውሰዱ! መንደሩን የሚያስጠራው የኔ ስንዴ ነው» ይላሉ፣ ደረታቸው ከጆንያው በልጦ።

ተመራማሪዋ ጣሳዎቹን ሰብስባ ከሄደች በኋላማ ጽጌ መቀመጥ አቃታት። የአዳማ ሚኒባስ ጥሩምባ በነፋ ቁጥር ሊጡን ጥላ ደጅ ትወጣለች።

ተመራማሪዋ ግንባሯን ቋጥራ ተመለሰች። «አባቶቼ፣ ልዩ ልዩ ነው ያላችሁኝ ስንዴ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው! ያ ፕሮቲን ደግሞ በጣም በዝቶበታል።»

ሁላችንም ኦቦ ገመቹን አየን። እሳቸው ሰማይ አዩ።

«ምን ታዩኛላችሁ? ያኔ ‹የራሳችን ነው› ብላችሁ አልሰጣችሁም? ዛሬም የራሳችሁ ነው!»

ጽጌ ወደኔ ዞረች። «የኛ ጥቁሩስ?»

«ለእንግዳ አይሆንም ብዬ...»

«አንተ ሰውዬ፣ የሚለካው ለእንግዳዋ ሆድ ነው ለኔ?»

በማግስቱ የጥቁሩን ስንዴ ጆንያ እንደ ሕፃን አቅፋ የአዳማ ሚኒባስ ላይ ወጣች፤ እኔም ተከተልኩ። ረዳቱ፣ «እትዬ፣ ጆንያው ጣሪያ ላይ ይውጣ» አላት።

«ወንበር ይዞ ነው የሚሄደው፤ እስካሁን የተደበቀው ይበቃዋል!»

እኔማ አንገቴን ሰብሬ፣ ቆሜ አዳማ ገባሁ።