ባለሞተሯ የደንገል ታንኳ

[ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር። ፔዳ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የፊዚክስ መምህር ምናሴ ሞተርና ባትሪ የገጠመባት፣ ከደንገል ቄጠማ የታሰረች ታንኳ ላይ ተቀምጧል። ባለታንኳው፣ ሽማግሌው ዓሣ አስጋሪ ሣህሉ፣ ውኃው ውስጥ ቆሞ ሱሪውን ይጠቀልላል። ዳር ላይ ሦስት የዩኒቨርሲቲው ገምጋሚዎች በስልክ ይቀርጻሉ።]

ሣህሉ፦ አልወጣም አልሁ፣ አልወጣም! ሦስት ቀን ውኃ ውስጥ የከረመች ታንኳ ላይ?

ምናሴ፦ ታንኳ ውኃ ውስጥ ካልከረመች የት ልትከርም ጋሽ ሣህሉ? አልጋ ላይ?

ሣህሉ፦ ከሥራ ስትመለስማ ዳር ወጥታ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ፀሐይ ትሞቃለች እንጂ!

ምናሴ፦ [እየሣቀ] ፀሐይ የምትሞቅ ጀልባ! እሱ ልማድ ነው፤ እኔ የማወራዎት ሳይንስ ነው። ባትሪው ውስጥ ኬሚካል አለ። ኬሚካሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል፣ ኤሌክትሪኩ ሞተሩን ያዞራል። ሞተሩ ውኃውን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ውኃው ደግሞ እኛን ወደ ፊት። ገባዎት?

ሣህሉ፦ የገፋ ወደ ፊት ይሄዳል ነው የሚሉኝ?

ምናሴ፦ በትክክል!

ሣህሉ፦ እውነትዎን ነው። እኔን የገፋ ሁሉ ወደ ፊት ሲሄድ አይቻለሁ።

ምናሴ፦ ፖለቲካ አላወራሁም! ዛሬ ይቺ ታንኳ ካልሄደች የደረጃ እድገቴ ቀረ፤ አራት ዓመት የለፋሁበት ነው። «ዓሣ አስጋሪውን ከቅዘፋ ምሬት ገላገልኩት» ብዬ ጽፌያለሁ።

ሣህሉ፦ ቅዘፋ መረረኝ ብዬ ነግሬዎታለሁ?

ምናሴ፦ መንገር አያስፈልግዎትም፤ ጥናቱ ደርሶበታል።

ሣህሉ፦ ይሁን። ክብደቷንስ ደርሶበታል?

ምናሴ፦ እንዴታ! ያመጡልኝ ቀን መዝኛታለሁ።

ሣህሉ፦ ደረቅ ሳለች?

ምናሴ፦ ታንኳ ደግሞ ደረቅ፣ እርጥብ አለው? ይልቅ ሱሪዎን ለምን ጠቀለሉት?

ሣህሉ፦ ይደረስበታል። ያስነሡት።

[ሞተሩ ይጮኻል። ታንኳዋ ትንቀጠቀጣለች።]

ምናሴ፦ ሄደች! ሄደች! ቅረጹ!

ሣህሉ፦ መሄዱንስ ሄደች። ወደ ታች ነው እንጂ።

ምናሴ፦ እንዴ! መቀመጫዬ ለምን ረጠበ?

ሣህሉ፦ ደንገል ውኃ ይጠጣል መምህር። ሦስት ቀን ሙሉ ስትጠጣ ከርማ፣ እርስዎና ባትሪው ሲደረቡባት ምን ታድርግ?

ምናሴ፦ ታዲያ አይነግሩኝም?!

ሣህሉ፦ ነገርሁዎት። ልማድ ነው አሉኝ።

[ባትሪው አረፋ እየተፋ ይሰጥማል። ሞተሩ ጸጥ ይላል።]

ምናሴ፦ ኧረ በማርያም ይድረሱልኝ! ዋና አልችልም!

ሣህሉ፦ ከጉልበት አያልፍም፤ ይቁሙ።

[ምናሴ ዘሎ የሣህሉ ጀርባ ላይ ይወጣል።]

ሣህሉ፦ እሺ፣ እሺ፣ አንገቴን አይነቁኝ! [በአንድ እጁ ታንኳዋን እየጎተተ፣ ምናሴን አዝሎ ወደ ዳር ይራመዳል።] እሷስ ደግነቱ ፀሐይ ስታገኝ ትድናለች።

ምናሴ፦ እኔ ግን አለቀልኝ! ገምጋሚዎቹን ምን ልበላቸው?

ሣህሉ፦ እውነቱን ነዋ። ሽማግሌው ጠዋት የበላው በሶ ጉልበት ሁኖ፣ አንድ መምህር ከነጫማው ዳር አደረሰ ይበሏቸው።

ምናሴ፦ [ፊቱ እየበራ] እሱማ... እሱማ ይጻፋል! አዲስ ጥናት ይወጣዋል!

ሣህሉ፦ ይጻፉት። ስሜ ግን ከፊት ይግባ፤ እርስዎ ጭነት ነበሩ።