ክቡር ሴቲሚዮ እና የተጠረገው ዳርቻ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «አይቻልም» ለማለት የተፈጠረ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ መሥሪያ ቤት በር ላይ ይቆማል፤ አንዳንዱ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ይንጎራደዳል። በጣሊያን ምሥራቅ ዳርቻ ባለችው በቶሬሳቢያ መንደር ግን ይህ ሰው የሚቆመው አሸዋ ላይ ነው፤ ስማቸውም ክቡር ሴቲሚዮ ነው።

ክቡርነታቸው የወፎች መጠለያ ኃላፊ ናቸው። መጠለያ ሲባል አጥርና በር ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ማዕበል የተፋው ግንድና የደረቀ የባሕር ሣር የተበተነበት ባዶ ዳርቻ ነው። እዚያ ፍራቲኖ የምትባል፣ ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጥ፣ ዘሯ ሊጠፋ የተቃረበ ወፍ ትመጣለች። ቤት መሥራት አታውቅበትም። አሸዋውን በደረቷ ጎድጎድ ታደርግና ጠጠር የመሰሉ እንቁላሎቿን ግንድ ሥር ጥላ ትታቀፋለች።

መጋቢት በገባ ቁጥር ክቡርነታቸው እንቁላል ባዩበት ሁሉ ዙሪያውን ችካል ተክለው ገመድ ይወጥራሉ። ከዚያ ወዲያ ወዮለት ለረገጠ! ከንቲባው ከውሻው ጋር ብቅ ቢል፣ «ውሻው ይመለስ፤ አንተም ከፈለግህ አብረኸው» አሉት። ፎቶ ልትነሳ የመጣችን ሙሽራ፣ «ልጄ፣ ቀሚስሽ አሸዋዬን ጠረገው፤ ሰብሰብ አድርጊው!» ብለው አስለቀሷት።

ከሁሉ ይልቅ የሚጣሉት ዳርቻው ላይ ምግብ ቤት ካላት ከዶሪና ጋር ነበር።

«ሴቲሚዮ፣ ደንበኞቼን አባረርክብኝ እኮ!»

«ያንቺ ደንበኞች በመኪና ነው የመጡት። የኔዎቹ ባሕር ተሻግረው!»

«ይህን ሰው አንድ ቀን ማዕበል ወስዶልኝ ባረፍኩ» ትላለች። ትላለች እንጂ፣ የዓሣ ሾርባቸውን ሳታስቀምጥላቸው የዋለችበት ቀን የለም።

ዘንድሮ መጋቢት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ክቡርነታቸውን የገዛ ቤታቸው ደረጃ አዳልጦ ጣላቸው። ጭናቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ገቡ። መንደሩ በመጀመሪያ እፎይ አለ፤ ቆይቶ ግን ጭር አለበት። «የሚጮህብኝ ሳጣ ሥራው ራሱ ሰለቸኝ» አለች ዶሪና።

ለቅዳም ሥዑር እንደሚመለሱ ተሰማ። በቶሬሳቢያ ከፋሲካ በፊት ቄሱ በየቤቱ እየዞሩ ይባርካሉ፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ቤቱን ከጣሪያ እስከ ደጃፍ ያጸዳል። አቧራ ላይ ጠበል ማስረጨት ነውር ነው።

«የሴቲሚዮ ቤቱ ዳርቻው አይደል?» አለች ዶሪና። «ሰውዬው ከበሽታ ተነስቶ ቆሻሻ ቤት ይግባ?»

«ወፎቹስ?» አለ ዓሣ አጥማጁ ኡባልዶ።

«ገመድ ታያለህ? ገመድ በሌለበት የምን እንቁላል አመጣህ!»

ገመዱን የሚወጥሩት ሰው አልጋ ላይ መሆናቸው ለማንም ትዝ አላለም። መንደሩ መቆፈሪያና መጥረጊያውን ይዞ ወጣ። ግንዱ ሁሉ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ተከመረ፤ አሸዋው እንደተተኮሰ አንሶላ ሆነ።

ክቡርነታቸው በክራንች መጡ። ሰው ተሰልፎ አጨበጨበላቸው። እሳቸው ቆመው አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩ። በለሰለሰው አሸዋ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ትሮጣለች፣ ትቆማለች፣ ደረቷን አሸዋው ላይ ታሳርፋለች፣ ደግሞ ተነስታ ትሮጣለች። የሚታቀፍ እንቁላል የለም። ዶሪናም አየቻት። ማንም ምንም እንዲነግራት አላስፈለገም።

ጩኸቱን ጠበቀች። አልመጣም።

«ሴቲሚዮ፣ ጩህ እንጂ! ስደበን!»

«ለኔ ብላችሁ ነዋ» አሉ ቀስ ብለው። «እጃችሁ ይባረክ።»

ዶሪና በዕድሜዋ እንዲህ የሚያቃጥል ምርቃት ሰምታ አታውቅም።

በማግስቱ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ፣ የፋሲካ ልብሱን እንደለበሰ ግንዱን እየተሸከመ መለሰ። ክቡርነታቸው ራቅ ብለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«አትደርድረው፣ ኡባልዶ! ማገዶ ልትሸጥ ነው? ባሕር እንደሚተፋው ወርውረው!»

ሰው ሳቅ ሊል ቃጣው፤ አልሳቀም። የሰው እጅ የበተነው ግንድ የሰው እጅ የበተነው ይመስላል።

ዶሪና አጠገባቸው መጥታ ጎንበስ አለች። «እንደገና ትጥል ይሆን?»

እኚህ ሰው ነፋሱ መቼ እንደሚዞር፣ የማን ውሻ በየት እንደሚመጣ፣ ማን ዋሽቶ ማን እውነት እንደተናገረ ሲጠየቁ መልስ አጥተው አያውቁም። ወፏን በዓይናቸው ተከተሏት።

«እንጃ፣ ዶሪናዬ» አሉ።

«ዶሪናዬ» ብለዋት አያውቁም፤ «እንጃ»ም ብለው አያውቁም። በበዓል ቀሚሷ አሸዋው ላይ ቁጭ አለችና እጃቸውን ያዘች።